በቂ ማለት ምን ያህል ነው? ርካሽ ማይክሮኮንትሮለርና የልክ ጥያቄ

ማይክሮኮንትሮለር ፕሮሰሰርን፣ ሚሞሪንና ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸውን ፒኖች በአንዲት ቺፕ ላይ አጣምሮ የያዘ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። እንደ ቢሮ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ አይጠየቅም። አንድ ፕሮግራም ይጫንበታል፤ ኃይል እስካገኘ ድረስ ያንኑ ሳይሰለች ይደጋግማል። በአንዱ ፒን የውሃን ከፍታ፣ የብርሃንን መጠን ወይም የክፍልን ሙቀት ይለካል፤ በሌላው ፓምፕ ያስነሣል፣ አምፖል ያበራል፣ ደወል ያሰማል። ለገበያ ከበቁት ማይክሮኮንትሮለሮች ቀዳሚ የሆነውን ቲኤምኤስ1000ን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1974 መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ማይክሮኮንትሮለር በልብስ ማጠቢያ፣ በቴሌቪዥን ሪሞትና በመኪና ሞተር ውስጥ ሁሉ ይገኛል።

ለቤት የሚሆን ማይክሮኮንትሮለር ሲፈለግ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ይረክሳል?» የሚል ነው። ጥያቄው የገበያ ይመስላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ሲታይ ግን ፈላስፎችም የሃይማኖት መምህራንም ለዘመናት የተነጋገሩበት ጥያቄ ነው፦ ለሰው በቂው ምን ያህል ነው? የትኛውን ሥራ ለዕቃ ቢሰጥ ይጠቀማል? የትኛውን በእጁ ቢያስቀር ይሻለዋል? እነዚህ ሳይመለሱ የተገዛ ቺፕ በጣም ርካሽም ቢሆን ገንዘቡ ባክኗል። ከተመለሱ በኋላ ግን ምርጫው በራሱ ይጠባል።

የምሥራቅ ጎጃሟ ቁይ ለዚህ ነገር ጥሩ ማሳያ ናት። ቁይ የደባይ ጥላት ግን ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ የምትገኘው በጮቄ ተራሮች ዙሪያ በተዘረጋው የጤፍ አገር ነው። እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት፣ ውሃ በተገኘ ጊዜ ተቀድቶ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ መብራትም ኢንተርኔትም ሳይቋረጥ ከሚያድርበት ቤት መሣሪያ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በሌላ አገር «ምርጥ» የተባለው ቺፕ በቁይም ምርጥ መሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ርካሽና ውድ

አማርኛ የዋጋን ቃልና የክብርን ቃል አልለየም። «ውድ» ዋጋው የከበደ ዕቃ ነው፤ የሚወደድ ሰውም ነው። ውድ እናት፣ ውድ ወዳጅ ይባላል። «ርካሽ» ዋጋው የወረደ ዕቃ ነው፤ ምግባሩ የወረደ ሰውም ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ስላደሩ ገዢው ሳይታወቀው ውዱን እያከበረ ርካሹን ይንቃል፤ ወይም ገንዘብ ሲያጥረው «ርካሽ ነው» በሚለው ብቻ ተጽናንቶ ይገዛል። በሁለቱም መንገድ ዕቃው ራሱ ሳይመረመር ይቀራል።

ማይክሮኮንትሮለር ይህን ልማድ ያፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአፖሎ ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የሚጽፍበት ሚሞሪ 2,048 ቃላት፣ በዛሬ አቆጣጠር 4 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነበር። በጥቂት ዶላር የሚሸጠው ኢኤስፒ32 የተባለው ቺፕ 520 ኪሎባይት አለው፤ ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ቺፕ የረከሰው ሥራው ስለወረደ አይደለም። በአንድ የሲሊኮን ገበታ ላይ እጅግ ብዙ ቺፕ በአንድ ጊዜ ስለሚታተም፣ የንድፉም ወጪ በሚሊዮኖች ገዢዎች ላይ ስለሚከፋፈል ነው። ዋጋው የሚናገረው ስለ ብዛቱ ነው፤ ስለ ብቃቱ የሚናገረው ሌላ ነው።

በወንጌል ሁለት ሳንቲም ስለሰጠችው መበለት የተነገረው ትምህርትም ዋጋንና ክብርን ይለያል። ባለጠጎች ብዙ ጣሉ፤ የእርሷ ግን ከሁሉ በለጠ ተባለ፤ ሚዛኑ ገንዘቡ ሳይሆን ከኑሮዋ ጋር ያለው ዝምድና ነበርና። ይህ ሚዛን ለዕቃም ይሠራል። አንድ ቺፕ ውድ ወይም ርካሽ የሚባለው ብቻውን ቆሞ ሳይሆን ከሚገባበት ቤት ኑሮ ጋር ተመዝኖ ነው።

ከእጅ አይሻል ዶማ

የመጀመሪያው መመዘኛ አስፈላጊነት ነው። የአገሬው ተረት «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይላል፤ እጅ ከሚሠራው የማይሻል መሣሪያ ሸክም ነው ማለት ነው። አሪስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ፣ የሽማኔው መወርወሪያ በራሱ ቢሸምን፣ የበገናውም መግረፊያ በራሱ ቢመታ፣ ጌቶች አገልጋይ ባላስፈለጋቸው ነበር ብሎ አስቦ ነበር። ቤትን በራሱ እንዲሠራ የማድረግ ሐሳብ ከዚያ ይጀምራል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሐሳቡ ውስጥ የተሰወረው ጥያቄም ዛሬ ድረስ ሕያው ነው፦ መሣሪያው የሚያቀልለው የማንን ሸክም ነው?

በሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው በስልኩ አምፖል ቢያበራ የሚተርፈው ሦስት እርምጃ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እርሱን ከምንጭ ወይም ከቦኖ ተሸክማ የምትመለሰው ብዙ ጊዜ እናት ወይም ልጅ ናት። ውሃ በሌሊት በሚመጣበት ሰፈር የቧንቧውን ድምፅ እያዳመጠች የምታድረውም እርሷው ናት። ሮቶው በሌሊት በራሱ እንዲሞላ የሚያደርግ መሣሪያ ለአንድ ሰው እንቅልፍን ይመልሳል። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት ቺፕና አንድ ዓይነት ሪሌ፣ ማለትም በቺፑ ትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ፣ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በጥቅማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ በቤት ውስጥ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ሥራ የሚያስደንቀው ሳይሆን የሚያደክመው ነው።

ሥራው ከታወቀ በኋላም ቺፕ ያስፈልጋል ማለት ገና ነው። ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው መዝጊያ ምንም ኤሌክትሮኒክስ አይፈልግም፤ መብራት ባይኖርም ይሠራል፤ ሲበላሽም የሰፈሩ የቧንቧ ሠራተኛ ይጠግነዋል። የውጭ መብራት ሲመሽ እንዲበራ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ብርሃን የሚሰማ ተራ ማብሪያ ይበቃል። በጎተራ ያለ ጤፍ እንደ በቆሎ በነቀዝ አይጠቃምና ለእርሱ ሲባል ብቻ መለኪያ መስቀል ትርፍ ነው፤ በቆሎና ስንዴ ባለበት ጎተራ ግን እርጥበትን የሚከታተል መለኪያ ትርጉም ይኖረዋል።

ማይክሮኮንትሮለር ቦታውን የሚያገኘው ማመዛዘን ሲያስፈልግ ነው። ሮቶው ጎድሎ ከሆነ፣ ከታች ያለው ገንዳም ውሃ ካለው፣ መብራትም ካለ፣ ፓምፑ ይነሣ፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይቁም። ደረቅ ጉድጓድ ላይ የሚዞር ፓምፕ ይቃጠላልና ይህን ማመዛዘን ለተንሳፋፊ ኳስ ብቻ መተው አይቻልም። ሁለትና ሦስት ምክንያቶችን አያይዞ መወሰን የቺፕ ሥራ ነው። ከዚያ በታች ላለው ሥራ ሁሉ ርካሹ ማይክሮኮንትሮለር ያልተገዛው ነው።

ልክ

ሁለተኛው መመዘኛ ልክ ነው። አሪስጣጣሊስ ስለ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ልክ ለሁሉም አንድ ቁጥር እንዳልሆነ ያስረዳል፤ ለታላቁ ታጋይ ለሚሎ የሚያንሰው ምግብ ስፖርት ለሚጀምር ሰው ይበዛል። በመካከል ያለው ትክክለኛ ነጥብ የሚገኘው ለማን፣ ለምን፣ መቼ ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

ጎጃም ለዚህ የራሱ ማስተማሪያ አለው። በደብረ ኤልያስ፣ በዲማ፣ በዋሸራና በጎንጅ ስማቸው በተጠራው የቅኔ ጉባኤያት፣ ቅኔ ቆጣሪው ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ እየሰፋ ባለ ስድስት ቤቱን ሥላሴን፣ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስን ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ከመወድስ ያንሳል አይባልም፤ ቦታው ሌላ ስለሆነ ልኩም ሌላ ነው። መወድስ በሚገባበት ጉባኤ ቃና ይጎድላል፤ ጉባኤ ቃና በሚበቃበት መወድስ ይተርፋል። በሁለት ቤት ምሥጢር ማስገባት የቻለ ተማሪ ደግሞ በስምንቱ ቃል አያባክንም።

ቺፖችም እንዲሁ በየልካቸው ይደረደራሉ። ከታች ባለ ስምንት ፒኑ ኤቲታይኒ85 አለ፤ ፕሮግራም የሚቀመጥበት 8 ኪሎባይትና የሥራ ሚሞሪ 512 ባይት ይዞ አንድ ዳሳሽ (መለኪያ) አንብቦ አንድ ሪሌ ለማዘዝ ይበቃል። በቻይና የሚሠራው ሲኤች32ቪ003 በብዛት ሲገዛ አንዱ በአሥር የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ የሚገኝ፣ በ48 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ቺፕ ነው። ከሁሉ የረከሰው ይህ ቢሆንም ፕሮግራም ለመጫን የራሱን መሣሪያ ይፈልጋል፤ ለጀማሪም ረዳት ጽሑፉ ከሌሎቹ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ቺፑን ከነመገናኛዎቹ የያዘው ቦርድ፣ አርዱዊኖ ኡኖ ይመጣል። አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣልያን ኢቭሪያ ከተማ በነበረ የዲዛይን ተቋም መሐንዲስ ላልሆኑ ተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ሥራ ነው። የኡኖ ልብ የሆነው ኤቲሜጋ328ፒ በ16 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና 2,048 ባይት የሥራ ሚሞሪ አለው። አንድ የፊደል ሆሄ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ይህ ሁሉ ሚሞሪ 682 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው። ይሁንና ፓምፕ፣ መብራትና ደወል ለማስተዳደር ከበቂ በላይ ነው። በ5 ቮልት መሥራቱ፣ ስሕተትን መታገሡና ንድፉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በብዙ አምራቾች መሠራቱ ለመማር ምቹ ያደርገዋል። የተለመደው ኡኖ ዋይፋይ የለውም።

ራስበሪ ፓይ ፒኮ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በ4 ዶላር ወጣ። ባለ ሁለት ፕሮሰሰር የሆነው አርፒ2040 ቺፑ 264 ኪሎባይት የሥራ ሚሞሪ አለው፤ ማይክሮፓይተን በተባለው ቀላል ቋንቋም ይታዘዛል። ዋይፋይ ያለው ፒኮ ደብሊው በ2022 በ6 ዶላር ተከተለ። የሻንግሃዩ ኩባንያ ኤስፕረሲፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢኤስፒ8266ን፣ በ2016 ኢኤስፒ32ን አወጣ። የመጀመሪያው ዋይፋይን ከቺፑ ጋር አዋሕዶ በጥቂት ዶላር በማቅረቡ የቤት መሣሪያን መልክ ለወጠ፤ ሁለተኛው ብሉቱዝን፣ ሁለተኛ ፕሮሰሰርንና ብዙ ፒኖችን ጨመረ።

ከእነዚህ መካከል ትልቁን መግዛት አስተማማኝ ይመስላል፤ የዋጋው ልዩነት የቡና ዋጋ ከሆነ ለምን ይሰሰታል? መልሱ ገንዘቡ ላይ ብቻ አይደለም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው፣ ያልተፈለገ ችሎታ የራሱን ዕዳ ይዞ ይመጣል፦ የሚበላውን ኃይል፣ የሚጠይቀውን ትምህርት፣ የሚከፍተውን የስሕተት በር። ዋይፋይ የሌለው ቺፕ በዋይፋይ አይሰበርም። ሰባቱን አጽዋማት የምታስጠብቀው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዚህ ይቀራረባል፤ ጾም «ይገኛል» የሚለውንና «ያስፈልጋል» የሚለውን በሰውነት ላይ ለይቶ ያሳያል። የቻለውን ሁሉ የማይበላ ሰው የሚበቃውን ያውቃል።

ሙሉ ዋጋ

ሦስተኛው መመዘኛ ሙሉ ዋጋ ነው። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር በሉቃስ ወንጌል የተነገረው ምሳሌ ለዚህ ቦታ የተገባ ነው፤ መሠረቱን ጥሎ መፈጸም እንዳያቅተው። በቤት ፕሮጀክት ውስጥ ቺፑ ብዙ ጊዜ ከወጪው ትንሹ ነው። ሪሌ፣ ዳሳሽ፣ ገመድ፣ ሳጥን፣ የኃይል ምንጭ፣ መለዋወጫ፣ ከዚያም የመማሪያ ጊዜ አለ።

የብር ዋጋም ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር ያልተለወጠ ዕቃ በብር ብዙ ጨምሯል። ቦርዱ ከመርካቶ ሱቅ ተገዝቶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ቁይ እስኪደርስ የመንገዱ ዋጋ የቺፑን ሊያህል ይችላል። ስለዚህ በሩቅ ያለ የመጨረሻ ርካሽ ቺፕ በቅርብ ከሚገኘው ትንሽ ውድ ቺፕ በወጪ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሲበላሽ የሚተካ፣ የሚያውቀው ሰው በአካባቢው ያለ፣ ፕሮግራሙ በስልክ ወይም በተራ ላፕቶፕ የሚጫን ቦርድ በረጅሙ ይረክሳል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የሚማር የሰፈር ልጅ የሚያውቀው ቦርድ ማንም ከማያውቀው ፈጣን ቦርድ ይሻላል። አንድ ከመግዛት ሁለት መግዛትም የዚሁ ሒሳብ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ተቀምጦ የመጀመሪያውን ሞት ይጠብቃል።

ኃይልም በሙሉ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ዋይፋዩን ከፍቶ የሚቆይ ኢኤስፒ8266 በአማካይ 80 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል። መብራት ሲሄድ በ2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ቢቀመጥ 31 ሰዓት ያህል ይቆያል። በየሰዓቱ ለአሥር ሰከንድ ብቻ ነቅቶ ለክቶ መልሶ እንዲተኛ ቢታዘዝ ግን ያው ባትሪ ለወራት ይበቃዋል። ስለዚህ በባትሪ ለሚሠራ ሥራ የሚጠየቀው ፍጥነት ሳይሆን የእንቅልፍ ጥልቀት ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

አራተኛው መመዘኛ ነፃነት ነው። በገበያ ያሉ ብዙ ተዘጋጅተው የሚሸጡ የቤት መሣሪያዎች ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት በሌላ አገር ካለ ኮምፒዩተር ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ስልኩን ይነካል፤ ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ወደዚያው ክፍል አምፖል ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም አምራቹ አገልግሎቱን ሲያቆም ማብሪያው በቤት ያለ፣ ሥልጣኑ ግን በሩቅ ያለ ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህ ቁይ ላለችበት ለአማራ ክልል የሩቅ ስጋት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በሩቅ ኮምፒዩተር ላይ የተደገፈ መሣሪያ ግዑዝ ሆኖ ይቀመጣል፤ ውሳኔው በራሱ ቺፕ ውስጥ ያለ መሣሪያ ግን ሮቶውን መሙላቱን ይቀጥላል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፦ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ኢኤስፒ8266ም ኢኤስፒ32ም የራሳቸውን ዋይፋይ መዘርጋት ይችላሉ፤ ስልክ ያለ ምንም ዳታ በቀጥታ ይገናኛቸዋል፣ የውሃውን ከፍታም ያነባል። ዋይፋይ ያለው ርካሽ ቺፕ ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ሲሠራ ነው።

ኢቫን ኢሊችና ኧርንስት ሹማከር እ.ኤ.አ. በ1973 በየበኩላቸው ባወጧቸው መጻሕፍት የተከራከሩት በዚህ ዙሪያ ነው። ኢሊች መሣሪያ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ሰውን ማገልገሉን ትቶ ሰውን አገልጋዩ እንደሚያደርገው ጻፈ፤ ሹማከር ደግሞ ለሰው ቁመትና ለአካባቢው አቅም የሚመጥን ቴክኖሎጂ ይፈለግ አለ። ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ለዚህ ሐሳብ ያልታሰበ ድጋፍ ሆኗል። ሥልጣንን ከሩቅ ማዕከል ወደ ቤት ይመልሳል፤ ባለቤቱ ፕሮግራሙን ከፍቶ ያነበዋል፣ ይለውጠዋል፣ ለጎረቤቱ ያስተምረዋል።

መታመን

አምስተኛው መመዘኛ መታመን ነው። ታማኝ አገልጋይ ጌታው በሌለበት የሚታወቀውን ያህል ታማኝ መሣሪያም ነገር ሲበላሽ ይታወቃል። መብራት ሄዶ በሌሊት ሲመለስ ቺፑ እንደ አዲስ ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት ሪሌው ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ከኢኤስፒ8266 ፒኖች አንዳንዶቹ ቺፑ ሲነሣ ለአፍታ ኃይል ስለሚሰጡ፣ ሳይታሰብባቸው ሪሌ ከተገናኙ ፓምፑን ያስነሣሉ። ስለዚህ ፒኑም ፕሮግራሙም ሲመረጡ «ካላወቅህ አጥፋ» የሚለው ሕግ መጀመሪያ መጻፍ አለበት። ፕሮግራሙ ቢደነዝዝ ቺፑን ራሱ መልሶ የሚያስነሣው ጠባቂ ሰዓትም በእነዚህ ቺፖች ሁሉ ውስጥ አለ፤ ሥራ ላይ መዋል ይገባዋል።

ሰዓትም የመታመን ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ኃይል ሲያጡ ሰዓቱን ይረሳሉ። ኢንተርኔት በማይታመንበት ቦታ ዲኤስ3231 የተባለ በትንሽ ክብ ባትሪ የሚሠራ የሰዓት ቺፕ ይጨመራል፤ ስሕተቱ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። የሀበሻ ሰዓት ከሌላው በስድስት ሰዓት ስለሚለይ ፕሮግራሙ ይህንን ማካካስ አለበት፤ ማለዳ አንድ ሰዓት ለቺፑ ሰባት ነው። በቁይ ኬክሮስ የቀን ርዝመት በዓመት ውስጥ ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚለዋወጥ፣ ለውጭ መብራት አንድ ቋሚ ሰዓት መስጠት ብዙ አያሳስትም።

ከሁሉ የሚከብደው አደጋ ነው። ቺፑ የሚሠራው በ3.3 ወይም በ5 ቮልት ነው፤ የቤቱ መስመር ግን 220 ቮልት ሆኖ ይገድላል። የተለመዱት ትንንሽ ሪሌዎች እስከ 10 አምፔር የተሠሩ ናቸው። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ በእንዲህ ያለ ሪሌ ላይ ማሰር ቤት ማቃጠል ነው። የ220 ቮልቱን ሥራ የሚያውቅ የመብራት ሠራተኛ ሊሠራው ይገባል። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ሰውን ማርከስ ነው፤ ቺፑ ቢሳሳት የሚጠየቀው ቺፑ ሳይሆን ያሰረው ሰው ነውና። ሥራ ለማሽን ይሰጣል፤ ተጠያቂነት ግን አይሰጥም።

በዓልና ዕረፍት

በራሱ የሚሠራ ዕቃ በሃይማኖት ውስጥ አንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቅሳል፦ ሰው ባረፈበት ቀን መሣሪያው ቢሠራለት ዕረፍቱ ፈረሰ? በአይሁድ ሚሽና ውስጥ የሻማይ ቤትና የሂሌል ቤት የተባሉት ወገኖች ሰንበት ሳይገባ የተዘረጋ ወጥመድ በሰንበት በራሱ ቢይዝ ይፈቀዳል ወይ ብለው ተከራክረዋል። የሻማይ ቤት ከለከለ፤ የሂሌል ቤት ሥራው ቀን ሳለ እስከተጀመረ ድረስ ፈቀደ። ዛሬ ከሰንበት በፊት በተሞላ ሰዓት የሚበራ መብራት በብዙ አይሁድ ቤት የሚገኘው ከዚሁ ፍርድ ጋር በሚዛመድ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያም የሰንበትን ነገር በጥልቅ የተከራከረች አገር ናት። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜ ከእሑድ ጋር ይከበር ብለው ለረጅም ዘመን ተሟግተው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። በጎጃም ገጠር ብዙ ቦታ እንደ ወሩ 12 ሚካኤልና 21 ማርያም ያሉ በዓላት ሞፈርና ቀንበር የማይነሡባቸው ናቸው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ፓምፕን በበዓል ቀን የሚያስነሣ ቺፕ የት ይቆማል? በሉቃስ ወንጌል በሬውን ወይም አህያውን በሰንበት ፈትቶ ውሃ የማያጠጣ ማን ነው ተብሎ የተጠየቀው ጥያቄ መንገዱን ያሳያል። ዕረፍት የተሰጠው ለሰውና ለእንስሳው ነው፤ ጥማትን የሚያስታግስ ሥራ ደግሞ የዕረፍቱ ወገን ነው። በሌሊት የሚሞላ ሮቶ ሰንበትን አያፈርስም፤ እንዲያውም ውሃ ቀጂዋ በዓሉን እንድታከብር ያደርጋል። ያው ቺፕ በበዓል የወፍጮ ንግድን ሳያቋርጥ ቢያስኬድ ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ በዚያ ጊዜ ያላረፈው ትርፍ ፈላጊነቱ ነው። ፍርዱ ያረፈው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በተሠራበት ዓላማ ላይ ነው።

ለዕቃ የማይሰጠው

ለማሽን ሊሰጥ የሚገባውና የማይገባው የሚለየውም በዚሁ ነው። መሸከም፣ መቁጠር፣ መጠበቅና መደጋገም ይሰጣሉ። በር ሲንኳኳ ተነሥቶ እንግዳን መቀበል፣ የታመመን ጎረቤት መጠየቅ፣ ጧፍ አብርቶ መጸለይ ግን ዋጋቸው በውጤቱ ሳይሆን በሠሪው ውስጥ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ከዐሥሩ ደናግል አምስቱ ዘይታቸውን ለሌሎቹ ማካፈል ያልቻሉት ትጋት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ነገር ስላልሆነ ነው የሚል ትርጓሜ አለ። መብራቱን በራሱ የሚያበራ ቤት ሠርቶ የመብራቱን ምክንያት መርሳት ይቻላል፤ ስለዚህ ከቺፕ ምርጫ በፊት የሚተርፈው ጊዜና ጉልበት ለምን እንደሚውል ቢታሰብ መልካም ነው። ከሌሊት ውሃ ጥበቃ የተረፈች እናት የምትተኛበት ወይም ልጅ የሚያጠናበት ሰዓት በዚህ ሒሳብ ትልቁ ትርፍ ነው።

የምርጫው ቅደም ተከተል

እነዚህ መመዘኛዎች ሲደረደሩ ለቁይ ቤት የሚወጣው ምርጫ ይህን ይመስላል። አንድ ሁኔታ ብቻ ለሚወሰንበት ሥራ፣ ለምሳሌ ሮቶ ሲሞላ መዝጋት፣ ተንሳፋፊ መዝጊያ ይበቃል፤ ቺፕ አያስፈልግም። ሁለትና ሦስት ሁኔታ ለሚመዛዘንበት፣ ስልክ ግን ለማይነካው ሥራ ኤቲሜጋ328ፒ ያለው ተራ ኡኖ ወይም አቻው በቂ ነው፤ ለሚማር ልጅም የመጀመሪያ ጉባኤ ቃናው ይሆናል። የውሃውን ከፍታ በስልክ ማየት ከተፈለገ ኢኤስፒ8266 ቦርድ የራሱን ዋይፋይ ዘርግቶ፣ ውሳኔውን በራሱ ውስጥ ይዞ፣ በስልክ ቻርጀር ኃይል እያገኘ ይሠራል። ብዙ ክፍል፣ ብዙ ዳሳሽ ወይም ብሉቱዝ ሲጨመር ኢኤስፒ32 ይገባል። ፓይተን ለሚያውቅና ቦርዱን በቅርብ ለሚያገኝ ፒኮ ደብሊው አማራጭ ነው። ኤቲታይኒ85ና ሲኤች32ቪ003 ደግሞ አንድ ዓይነት መሣሪያ በብዛት ለሚሠራ ሰው ይሆናሉ፤ ለአንድ ቤት አንድ ዕቃ ለሚሠራ ከቺፑ የሚተርፈው ሳንቲም በፕሮግራም መጫኛውና በጊዜው ያልቃል።

በየትኛውም ደረጃ መለዋወጫው አስቀድሞ ይገዛል፤ የ220 ቮልቱ መስመር በባለሙያ ይታሰራል፤ በእጅ የሚሠራው ማብሪያም በቦታው ይቀራል፤ ቺፑ በሞተ ቀን ቤቱ በእጅ ይሠራ ዘንድ።